ውሻው ሲያለከልክ ሞተርሆሙን ፈትሹ፦ ንፋስ በሚበዛበት በረሃ ችግርና መፍትሄ

ሞተርሆም ስል የቤት መኪና ማለቴ አይደለም። ቤት የሆነ መኪና ማለቴ ነው፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ ፍሪጁ አብሮ የሚሄድ። ጎኑ ግድግዳ ነው። በረሃ ላይ ደግሞ ንፋሱን የሚሰብር ዛፍ የለም። ውሻ ከተጨመረበት ነገሩ ይወሳሰባል፤ በአንድ በኩል ግን ይቀላል። እናንተ ጋቢና ውስጥ ኤሲ ፊት ተቀምጣችኋል። እሱ ያለው ከኋላ፣ ሙቀቱም ውዝዋዜውም አቧራውም የሚብስበት ቦታ ነው። መኪናው ላይ የሆነውን ከእናንተ ቀድሞ ያውቀዋል። ስለዚህ ብዙውን ምልክት ከእሱ ነው የጀመርኩት።

ለሃጩን ያዝረበርባል፣ ያዛጋል፣ ከንፈሩን ይልሳል

አቅለሽልሾታል ማለት ነው። ብዙ ሰው ወዲያው መድኃኒት ያስባል። እኔ መጀመሪያ የማየው መሪ የያዘውን ሰው ነው። የጎን ንፋስ መኪናውን ይገፋዋል። ሹፌሩ ደንግጦ መሪውን ወደ ንፋሱ ይጠመዝዛል። ንፋሱ ጋብ ሲል ያ ጥምዘዛ መኪናውን ወደ ሌላው ጎን ይዞት ይሄዳል። እንደገና ይመልሳል። ጋቢና ላይ ትንሽ የመሰለው ውዝዋዜ፣ ከኋላ ጎማ አልፎ በተንጠለጠለው ክፍል ውስጥ ጅራፍ ነው።

መፍትሄው ፍጥነት መቀነስ ነው። ንፋሱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ የቻላችሁት መኪና 60 ሲገባ ሌላ መኪና ይሆንባችኋል። መሪውን በሁለት እጅ ያዙ፣ ግን አትጭመቁት። በትንሽ በትንሹ አርሙ። በንፋሱ በኩል ከባድ መኪና ሲያልፍ ለአፍታ ይከልላችኋል፤ ካለፈ በኋላ ንፋሱ በጥፊ ይመታችኋል። ስለዚህ ከማለፉ በፊት ተዘጋጁ። ድልድይ ላይ ስትወጡና ከተቆረጠ ኮረብታ ስትወጡም እንደዚያው ነው።

መሪው ከቀለለባችሁ ጭነቱን እዩ። መጨረሻው ላይ የተከመረ ዕቃ የፊት ጎማዎቹን ያቀልላቸዋል። ከባድ ከባዱን ዝቅ አድርጋችሁ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል አስቀምጡ። የውሃ ታንከሩ ግማሽ ሆኖ አይሂድ፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፣ 50 ኪሎ ወዲያና ወዲህ ሲናጥ አስቡት። የጎማ ንፋስ ጠዋት ሳትንቀሳቀሱ ለኩ። ቀን ላይ ሲግል ግፊቱ ይጨምራል፤ ያ የተለመደ ነው፣ አታስተንፍሱት።

ለራሱ ለውሻው ደግሞ ከጉዞ በፊት ለጥቂት ሰዓታት ምግብ አትስጡት። የሚጓዝበትን ሳጥን ከፊት ወንበሮች ጀርባ አምጥታችሁ ወለሉ ላይ እሰሩት። ውዝዋዜው እዚያ ያንሳል።

ይንቀጠቀጣል፣ ወንበር ስር ይወሸቃል

ውሻዬን ቡቺን ሁለት ቀን ሙሉ ፈሪ ሆነብኝ ስል ነበር። በሦስተኛው ቀን መሪውን ለሌላ ሰው ለቅቄ ከኋላ ወንበር ላይ ቀበቶዬን አስሬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ታካ ታካ ታካ። የሻወሩ የጣራ መስኮት ክዳን ነው። መቀርቀሪያው አልቆ በንፋስ ቁጥር ይነሳና ይወድቃል፣ ልክ ከጭንቅላቱ በላይ። ጋቢና ላይ ቅንጣት አይሰማም። የታጠፈ ካርቶን ሸጎጥኩበት፣ ነገሩ አለቀ። ቡቺን ይቅርታ ጠየቅኩት።

ከመነሳታችሁ በፊት የጣራ መስኮቶቹን ሁሉ ዝጉና ቆልፉ። የጎን ሸራ ጥላውንም በማሰሪያ ደግማችሁ ጥፈሩት። እየነዳችሁ ሸራው ትንሽ ሲከፈት ካያችሁ ለመቆም ቦታ ፈልጉ፤ ንፋስ ከገባበት ተዘርግቶ ይገነጠላል።

ያለከልካል፣ አላቆም ይላል

ውሻ ከመዳፉ ጥቂት ላብ በቀር ራሱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ጤነኛ ሙቀቱ ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ገደማ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኤሲው ነው፤ የጋቢናው ኤሲ ጋቢናን እንጂ ቤቱን አያቀዘቅዝም። ርካሽ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ በውሻው ሳጥን ቁመት ላይ ስቀሉ። ከእናንተ ጋር ያለውን ልዩነት ስታዩ ትደነግጣላችሁ። መጋረጃ ዝጉ፣ ሳጥኑን ወደ ፊት አምጡ፣ ትንሽ ቬንቲሌተር አዙሩለት፣ ውሃ ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ ስጡት።

ድዱ ደም ከመሰለ፣ ምራቁ ከወፈረ፣ ከተንገዳገደ ወይም ካስታወከ ይሄ ሌላ ነገር ነው። 41 ዲግሪ ያለፈ ሙቀት ሊገድል ይችላል። ወዲያው ቁሙና ገላው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሳችሁ አየር ንፉበት። በእርጥብ ፎጣ አትጠቅልሉት፤ ሙቀቱን ያፍነዋል። 39.5 አካባቢ ሲደርስ ማቀዝቀዙን አቁማችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ፣ የዳነ ቢመስልም። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾች ቶሎ ይወድቃሉ። ድመት አፏን ከፍታ ካለከለከች ደግሞ አትጠብቁ።

ያስነጥሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል

መስኮቱ ተዘግቶ አቧራ ከየት መጣ? ከኋላ። የሚሮጥ ሳጥን ከጀርባው ያለው አየር ግፊቱ ዝቅ ይላል፤ የተነሳው አቧራ እዚያ ይሽከረከርና በላላ የማሸጊያ ጎማ፣ በበር ጠርዝ፣ በቱቦ መግቢያ ይሳባል። በአቧራማ መንገድ ላይ መስኮት ዘግታችሁ የጋቢናውን ማራገቢያ ከውጭ አየር እንዲስብ ክፈቱት፤ ውስጡ ግፊት ሲኖረው አቧራው አይገባም። ዋናው ማዕበል ሲመጣ ግን የውስጡን አየር ብቻ እንዲያዞር አድርጉት። ቀዳዳ ስትደፍኑ ወለል ላይ ያሉትን የጋዝ ማስተንፈሻዎች እንዳትነኩ። ጋዝ ካመለጠ የሚወጣው በእነሱ ነው።

ዓይኑ ውስጥ አሸዋ ከገባ በንጹህ ውሃ እጠቡት፣ አትሹት። ከታጠበም በኋላ ከጨፈነ ሐኪም ይየው።

ስትነኩት ዘሎ ይሸሻል

ኮረንቲ ነው። ደረቅ አየርና ምንጣፍ ላይ የሚፈተግ ጸጉር ተደማምረው አፍንጫው ላይ ቆንጠጥ ያደርጉታል። እሱን ከመንካታችሁ በፊት ብረት ንኩ፤ ምንጣፉ ላይ በትንሹ የረጠበ ጨርቅ ይረዳል።

ፊት ለፊት ምንም አይታይም

ከመንገዱ በደንብ ርቃችሁ ውጡ። ከዚያ መብራት በሙሉ አጥፉ፣ ፍሬቻም ጭምር፤ የእጅ ፍሬን ስባችሁ እግራችሁን ከፍሬን ላይ አንሱ። ያስገርማል፣ ግን ከኋላ የሚመጣው ሹፌር መንገድ ሲጠፋበት ቀይ መብራታችሁን ተከትሎ ነው የሚመጣው። ከመንገድ መውጫ ከሌለ መብራቱን ሳታጠፉ የመንገዱን ጠርዝ እያያችሁ ዝግ ብላችሁ ሂዱ።

የሙቀት ጌጁ ይወጣል፣ ንፋሱ ግን ከጀርባ ነው

ከጀርባ የሚነፍስ ንፋስ ደግ ይመስላል። ነገር ግን ራዲያተሩ ላይ የሚደርሰውን አየር ይቀንሳል፣ በተለይ ዳገት ላይ። የድሮው ብልሃት ሂተሩን እስከ መጨረሻ መክፈት ነው። ከኋላ ውሻ ካለ ይሄን እርሱት። ማርሽ ቀንሱ፤ ካልወረደ ቁሙና የመኪናውን አፍንጫ ወደ ንፋሱ አዙሩ፣ ሞተሩም በዝግታ ይሥራ። የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ አትክፈቱ።

አፍንጫውን ወደ ንፋስ ማዞር ለጋቢናው በርም ይበጃል። ከጀርባ የሚመጣ ንፋስ በሩን ከእጃችሁ ነጥቆ ይገነጥለዋል፤ ውሻውም በዚያው ይፈተለካል። በርቀት ሁሉም አሸዋ አንድ ዓይነት ነው፣ ሽታውንም ንፋሱ ይበትነዋል፤ ተመልሶ መኪናውን ላያገኘው ይችላል። መጀመሪያ ማሰሪያው አንገቱ ላይ፣ ሌላው ጫፍ እጃችሁ ላይ። ከዚያ አንድ ሰው ወርዶ የእጁን ጀርባ መሬቱ ላይ ሰባት ሰከንድ ያሳርፍ። ካቃጠለው ውሻው እዚያው ውስጥ ይጠብቅ።