የብሪታንያን ነባር የአሳማ ዝርያ እንዴት መርጦ መጥበስ ይቻላል?

አሳማ የማይበላ አንባቢ ይህችን ቢያልፋት አልቀየምም። ጽሑፉ ለሚበሉትና ብሪታንያ ውስጥ ወጥ ቤት ለሚሠሩት ነው። የዚህ ጥብስ ግማሹ ሥራ የሚያልቀው ምድጃው ፊት ሳይሆን ሥጋ ቤት ነው።

1. ፓኬቱ ላይ ያለውን ያንብቡ

ሦስት የሚምታቱ ስሞች አሉ። «አውትዶር ብሬድ» ከተባለ ግልገሏ ሜዳ ላይ ተወልዳ፣ ጡት ስትጥል ወደ በረት ገብታለች። እዚያው ነው ያደገችው። «አውትዶር ሪርድ» የዕድሜዋን ግማሽ ያህል ውጭ አሳልፋለች። «ፍሪ ሬንጅ» ደግሞ ዕድሜ ልኳን ሜዳ ላይ ነበረች። ታዲያ ይህ ስም ለእንቁላልና ለዶሮ በሕግ የተደነገገ ሲሆን ለአሳማ ግን የአምራቾች ስምምነት ብቻ ነው። ስለዚህ ከየት እርሻ እንደመጣ ይጠይቁ። የአረንጓዴ ሜዳ ሥዕልማ ማንም ይለጥፋል።

2. ዝርያውን ይጠይቁ

ሱፐርማርኬት የሚገኘው ባብዛኛው ቶሎ የሚደርስ፣ ጮማው የሳሳ ዲቃላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 አንድ የመንግሥት ሪፖርት ገበሬው በጥቂት ዝርያዎች ላይ እንዲያተኩር መከረ። ነባሮቹም ተገፉ። ሊንከንሻየር ከርሊ ኮት የሚባለው ጸጉሩ የተጠቀለለ አሳማ በ1972 ጭራሽ ጠፋ። ብርቅዬ ዝርያዎችን የሚታደገው ሬር ብሪድስ ሰርቫይቫል ትረስት የተቋቋመው በዓመቱ ነው።

ከቀሩት ውስጥ ለጥብስ የእኔ ምርጫ ግሎስተርሻየር ኦልድ ስፖትስ ነው። ነጭ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ አለው፤ ጆሮው ዓይኑን ይጋርደዋል። ድሮ አፕል ዛፍ ሥር የወደቀውን እየለቀመ ያድግ ስለነበር ነጠብጣቡ አፕል ሲወድቅበት የበለዘው ነው ይላሉ። በርክሻየርም ግሩም ነው፤ ጃፓኖች ከእንግሊዝ ወስደው ዛሬ በውድ ይሸጡታል። ቀዩ ታምዎርዝ ደግሞ በቤከን የታወቀ ነው።

3. ሥጋውን በዓይን ይፈትሹ

2 ኪሎ ያህል ሽንጥ ከነቆዳው ይግዙ። ቀለሙ ጠቆር ያለ ሮዝ፣ ጮማው ነጭና ጠንካራ ይሁን። ገርጥቶ ፓኬቱ ሥር ውሃ ካቆረ ይለፉት። ባለሥጋው ጮማውን ልሸልተው ካለዎት እንዳይስማሙ። ለነባር ዝርያ ተጨማሪ የሚከፍሉት ለእሱ ነው፤ እየቀለጠ ሥጋውን ያርሰዋል።

4. ቆዳውን ያድርቁ

እንግሊዞች «ክራክሊንግ» የሚሉት፣ ሲነክሱት የሚንኮሻኮሸው ቆዳ የሚበላሸው በእርጥበት ነው። በስለታም ቢላዋ ቆዳውን በ1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይሰንጥቁት። ቢላዋው ቆዳውን አልፎ ጮማው ውስጥ ይግባ፣ ቀይ ሥጋው ጋ ግን አይድረስ። ከደረሰ የሥጋው ውሃ በስንጥቁ እየፈላ ወጥቶ ቆዳውን ያረጥበዋል። ከዚያ በወረቀት ፎጣ ያድርቁት። ስንጥቁ ውስጥ ሁሉ ጨው ይሹበት። ሳይሸፍኑ ፍሪጅ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያሳድሩት። ጠዋት ያላበውን ደግመው ይጥረጉ።

5. ይጥበሱ

ምድጃውን 240 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሙቁ። 30 ደቂቃ ያህል፣ ቆዳው ፊኛ እስኪያወጣ ያቆዩት። ከዚያ ወደ 180 ይቀንሱና ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይተዉት። ግን ሰዓቱን ብቻ አይመኑ። የሥጋ ቴርሞሜትር መሃሉ ላይ ይሰኩ። በብሪታንያ የሚመከረው መሃሉ 70 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ 2 ደቂቃ እንዲቆይ ነው። ቁርጥ ወዳጆች፣ አሳማ ላይ ይህ ጨዋታ የለም።

ሲወጣ 20 ደቂቃ ይረፍ። ፎይል አያልብሱት፤ እንፋሎቱ ቆዳውን ያልመዋል። ቆዳው አልንኮሻኮሽ ካለ ገፈው ለብቻው ኃይለኛ ሙቀት ውስጥ ይመልሱትና አጠገቡ ይቁሙ፣ በአንዴ ነው የሚያርረው።

ማባያው ብራምሊ የሚባለው ጎምዛዛ አፕል ነው። በጥቂት ውሃና ስኳር ይቀቀል፣ በራሱ ይፈርሳል። ትሪው ላይ የቀረውን ስብ እንዳይደፉት። ለነገ ድንች መጥበሻ ይሆናል።