የስኳር ሕመም ካለብዎ እግርዎን ማታ ማታ ይመልከቱ

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በየምሽቱ ከመተኛቱ በፊት እግሩን በደንብ በሚያሳይ ብርሃን ቢመለከት፣ ሳይታከም ቢቀር እግርን እስከ ማስቆረጥ ሊደርስ የሚችልን ቁስል ገና በእንጭጩ ሊደርስበት ይችላል። ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ የደም ስኳር የእግርን ነርቮች ስለሚጎዳና የደም ዝውውሩንም ስለሚያዳክም፣ ጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር ቀኑን ሙሉ ስትፈገፍግ ብትውል እንኳ ሕመሙ ላይሰማ ይችላል፤ ስለዚህ ሕመም አለመኖሩን አይመኑ፣ በዓይንዎ ይዩ።

ጎንበስ ማለት ለሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች መስታወት ከእግራቸው ሥር ማድረግ ወይም የቤተሰብ ሰው እንዲያይላቸው መጠየቅ ይቻላል። በጣቶች መካከል ያለውን ቦታ አደራ አይዝለሉት፤ ከታጠቡ በኋላ እዚያ የሚቀር እርጥበት ለፈንገስ ስለሚመች በደንብ ያድርቁት፣ ቫዝሊንም ለተረከዝና ለውስጥ እግር ብቻ ይቀቡ። ጫማ ከማድረግዎ በፊት አራግፈው ውስጡን በእጅዎ ይዳስሱ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሄደው ጫማ ሲያወልቁ ንጹሕና ወፍራም ካልሲ ያድርጉ፤ ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ሳይታወቅዎ ሊያቃጥልዎ ይችላል። እግርን ከሰል ምድጃ አጠገብ ማሞቅም እንዲሁ አደገኛ ነው።

ቁስል ካገኙ በንጹሕ ውኃ አጥበው፣ በንጹሕ ጎዝ ሸፍነው፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ቅጠል አይለጥፉበት፤ የደደረ ቆዳንም በምላጭ አይላጡ። እብጠት፣ መግል፣ መጥፎ ሽታ ወይም የጠቆረ ቆዳ ካዩ ግን ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አይጠብቁ።