የወደቀ ቅርንጫፍ ካያችሁ አትለፉት

ስዊድን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ አምና በግንቦት የአበባ ፎቶ ላከችልኝ። አበባው ቢጫ ነው፤ ፊቱ እንደ ጫማ አፍንጫ ጉብ ያለ፣ ከግራና ከቀኝ ጠምዘዝ ያሉ ቡናማ ቅጠሎች የተንጠለጠሉበት። እዚያ አገር በተፈጥሮ የሚበቅል፣ በሕግ የሚጠበቅ ኦርኪድ ነው። እሷ ከችግኝ ጣቢያ ገዝታ ግቢዋ ውስጥ ተክላዋለች። «ልላክልሽና ጅማ ትከይው?» አለችኝ።

ያኛው ጅማ ላይ አይሆንም። በዓመት ውስጥ ወራት ሙሉ በብርድ መተኛት አለበት፤ ያን ብርድ ካላገኘ እየመነመነ ይሄዳል። እንዲህ የጫማ ቅርጽ ያላቸው ኦርኪዶች አፍሪካ ውስጥ በተፈጥሮ አይበቅሉም። እኛ ግን የራሳችን አሉን። ቡናችን ጥላ ስር ሲያድግ፣ እነሱ ደግሞ ጥላው ዛፍ ላይ ይኖራሉ። የኔ ተወዳጅ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ የሚባለው ነው። ነጭ፣ ኮከብ የመሰለ፣ ከኋላው ረጅም ቀጭን ጭራ ያለው።

የመጀመሪያዬን ያገኘሁት ጅማ ዞን ጎማ ወረዳ፣ አጎቴ ማሳ ውስጥ ነው። ሳሳ የሚባለው የጥላ ዛፍ ሲመለመል አንድ ቅርንጫፍ ወድቆ፣ ላዩ ላይ ወፍራም ቅጠል ያለው ተክል ተጣብቆ ነበር። አጎቴ «ተቀጥላ ነው ልጄ፤ ዛፉን ይመጠዋል፣ ጣይው» አሉኝ። እኔ ይዤው መጣሁ። ጥሩ ያደረግሁ መስሎኝ ጣሳ ውስጥ አፈርና ፍግ ሞልቼ ተከልኩት። በወሩ ሥሩ ቡናማ ሆኖ ላሸቀ፣ ቅጠሉ ስነካው ወለቀ። በጣም አዘንኩ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ልበላችሁ፦ ይህ ተክል አፈር አይፈልግም። ተቀጥላም አይደለም። ልዩነቱን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ተቀጥላ ያለበትን ቅርንጫፍ በቢላዋ ብትሰነጥቁት ሥሩ ቅርፊቱን በስቶ እንጨቱ ውስጥ ገብቷል። የኦርኪድ ሥር ግን ከቅርፊቱ ላይ ነው የሚሳበው፤ በጥፍር ቀስ ብላችሁ ልታላቅቁት ትችላላችሁ፣ ከስሩ ያለው ቅርፊት ደህና ነው። የሚኖረው ከዝናብ፣ ከጤዛና ከበሰበሰ ቅጠል በሚያገኘው ነው። ዛፉ ማረፊያው ብቻ ነው። ይህን ለአጎቴ ሰንጥቄ ካሳየኋቸው ወዲህ ሲመለምሉ ለይተው ያስቀምጡልኛል።

ከቆመ ዛፍ ላይ ግን አትንቀሉ። በጅማ ዙሪያ ባሉ ደኖች ላይ የተሠራና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ደኑ ሲቆራረጥና ለቡና ሲመነጠር ዛፍ ላይ የሚኖሩት ኦርኪዶች እንደሚመናመኑ አሳይቷል። መንገድ ዳር በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው የሚሸጡ ልጆችም አጋጥመውኛል። ሥሩ ተበጣጥሶ የመጣ ስለሆነ አብዛኛው አይድንም። ከገዛን ደግሞ ነገም ሄደው ይነቅላሉ። ንፋስ የጣለው፣ ወይም ለመመልመል የተቆረጠ ቅርንጫፍ ይበቃናል።

የምታሰፍሩበት ዛፍ ቅርፊቱ ሻካራና የማይላጥ ይሁን። የኔ አቮካዶ ላይ ነው ያሉት። ዋንዛም ሳሳም ይሆናል። ባሕር ዛፍና ዘይቱን ይቅርባችሁ፤ ቅርፊታቸው ሲላጥ ኦርኪዱም አብሮ ይወርዳል። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝበትን፣ ከቀትር በኋላ ጥላ የሚሆንበትን ጎን ምረጡ። ከፍታው ዓይናችሁ ትክክል ቢሆን ጥሩ ነው፤ በየቀኑ ታዩታላችሁ።

ጊዜው ሚያዝያ ወይም ግንቦት ነው፤ ዝናቡ ሲይዝ ሥሩም ይነቃል። መጀመሪያ የሞተውን፣ ሲጫኑት ባዶ የሆነውን ሥር በንጹሕ መቀስ ቁረጡ። ደህናውን ሥር ቅርፊቱ ላይ ዘርጉት። ከስሩ ዛፍ ላይ የሚበቅለውን ለስላሳ አረንጓዴ ሽበት በስሱ ማድረግ ይቻላል፤ ካበዛችሁት ግን ውሃ ይዞ ያበሰብሰዋል። ከዚያ በቃጫ እሰሩት። ሽቦ ይቆርጠዋል፤ ቃጫ ግን ሥሩ ዛፉን እስኪይዝ ቆይቶ ራሱ በስብሶ ይወድቃል። የቅጠሎቹ መሐል ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ያዘንብል። ወደ ላይ ካየ የክረምቱ ውሃ እዚያ ይቋጥርና እምብርቱ ይበሰብሳል። ሁለተኛው ኦርኪዴ የሞተብኝ በዚህ ነው።

ሥሩን ማንበብ ከቻላችሁ ውሃ ማጠጣቱ ቀላል ነው። ደረቅ ሥር እንደ ብር ነጣ ያለ ነው። ውሃ ሲነካው ዓይናችሁ እያየ አረንጓዴ ይሆናል። ከሰኔ እስከ መስከረም እኔ ምንም አልነካውም፤ የጅማ ዝናብ ይበቃዋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን በየሁለት ቀኑ ጠዋት፣ ሥሩ ሁሉ አረንጓዴ እስኪሆን በመርጫ እረጨዋለሁ። የዝናብ ውሃ በበርሜል አጠራቅማለሁ፤ የቧንቧ ውሃ ሲደጋገም ሥሩ ላይ ነጭ ጨው ይተዋል። ቅጠሉ ከተጨማደደ ጠምቶታል። በጣም ከጠቆረ ብርሃን አንሶታል፤ ቢጫ ካለ ፀሐዩ በዝቶበታል።

ማዳበሪያ ከፈለጋችሁ በውሃ የሚሟሟውን 20-20-20 (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም እኩል ያለበትን)፣ ለ4 ሊትር ውሃ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ በዝናቡ ወራት በወር አንዴ። ዩሪያ አትጠጉበት፤ ሥሩን ያቃጥለዋል። ቀንድ አውጣ ለጋውን የሥር ጫፍ ይወዳል፤ ማታ በባትሪ እየፈለግሁ በእጄ አነሳዋለሁ።

የኔዎቹ የሚያብቡት ክረምቱ ሲወጣ ነው። ቀን ላይ ብትጠጉት ምንም አይሸትም። ሲመሽ ግን በረንዳው በመዓዛው ይሞላል። አንዱን አበባ ከአምፖል ፊት ያዝ ብታደርጉት፣ በጭራው ጫፍ ውስጥ የቆመውን ጣፋጭ ውሃ ታያላችሁ። እዚያ ድረስ የሚደርሰው ምላሱ ረጅም የሆነ፣ ማታ የሚበር የእሳት እራት ነው፤ መዓዛውም የሱ መጥሪያ ነው።

የአክስቴ ልጅ የአበባዬን ፎቶ ስልክላት «ላኪልኝ» አለች። አልችልም አልኳት። ኦርኪድ በሙሉ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ስር ነው፤ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም። መጥታ ትየው።

አበባው ረግፎ ፍሬ ከያዘ አትቁረጡት። ዘሩ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ ስንቅ ስለሌለው የሚመግበው ሻጋታ ካላገኘ አይበቅልም። አፈር ላይ ብትዘሩት ድካም ነው። ንፋሱ ያድርሰው። ባለፈው ሳምንት አቮካዶው ላይ፣ ከእናትየው አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ፣ የጤፍ ቅንጣት የሚያህሉ ሦስት አረንጓዴ ነጥቦች አየሁ። ኦርኪድ ይሁኑ አይሁኑ ገና አልለዩም። ያንን ቅርፊት ማንም እንዳይጠርገው ለልጆቹ ነግሬያለሁ።