የድሮ ሞተር የፊት ሾክ፦ ፓራኦሊዮ ከመቀየራችሁ በፊት

ሐዋሳ ውስጥ ሞተር የማይታይበት ሰፈር የለም። ብዙዎቹ ደግሞ ዕድሜ የጠገቡ ናቸው። የኔዋ ከጨረታ የወጣች ናት፤ ከእኔ በፊት ስንት ሰው እንደነዳት እሷ ትወቀው። በአንድ ዓመት ውስጥ የግራውን የፊት ሾክ ፓራኦሊዮ፣ ማለትም ዘይት የሚያግደውን ጎማ፣ ሦስት ጊዜ አስቀየርኩ። ሦስቴም ወር ሳይሞላ ዘይት መትፋት ጀመረች። በአራተኛው ራሴ ፈታኋት። ጥፋቱ የፓራኦሊዮው አልነበረም።

ዘይት ሲያንጠባጥብ

በሚያብረቀርቀው ቱቦ ላይ የዘይት ቀለበት ካያችሁ መጀመሪያ ፍሬኑን እዩ። ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ አይይዝም። እንዲህ ሆና ከሆነ አትንዷት።

ቀላሉ ምክንያት ቆሻሻ ነው። የአቧራ መከላከያውን ጎማ በካቻቢቴ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ ግፉት። ከሃይላንድ ላይ ቀጭን ቁራጭ ቁረጡና ጠርዙን አለስልሱት። በቱቦውና በፓራኦሊዮው ከንፈር መካከል አስገብታችሁ ዙሪያውን አዙሩት። አሸዋው ከዘይት ጋር ይወጣል። ጥረጉት፣ ፍሬን ይዛችሁ ሾኩን አሥር ጊዜ ያህል ተጫኑት፣ እንደገና ጥረጉት። ከቆመ ገንዘባችሁ ኪሳችሁ ቀረ።

ካልቆመ ወይ ፓራኦሊዮው በዕድሜ ደርቋል፣ ወይ ቱቦው ተበልቷል። ቱቦውን በጥፍራችሁ ከላይ ወደ ታች ዳብሱት። ጥፍር የሚይዝ ነገር ካለ ያ ነጥብ ባለፈ ባገደመ ቁጥር አዲሱንም ጎማ ይቆርጠዋል። የኔዋ ጉድ የተገኘው እዚህ ነው። እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈው የሾክ ልባስ ከኋላ ተቀድዶ ኖሯል። ወደ ይርጋለም ስመላለስ የገባው ቀይ ጭቃ ውስጡ ከርሞ፣ ቱቦው ላይ ጤፍ ጤፍ የሚያካክሉ የዝገት ጉድጓዶች ሠርቷል። ከውጭ ግን ምንም አይታይም። ሦስቱም መካኒኮች ልባሱን ገልጠው ቱቦውን አልዳበሱትም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ጉድጓዱ ጥቂት ከሆነ 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ዘይት ነክራችሁ የቆመውን ጠርዝ ብቻ አለስልሱ። ጥልቁን ከሁለት ቱቦ ተደባልቆ በሚደርቀው የብረት ማጣበቂያ ሙሉት፤ በደንብ ሲደርቅ ከቱቦው ጋር እኩል እስኪሆን ፈግፍጉት። ከበዛ ግን ቱቦው ይቀየር።

አፈታቱ ላይ ቅደም ተከተል አለ። ሞተሯን ከሥር በለስላሳ መጠጥ ሳጥንና በጣውላ ደግፋችሁ የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳ። ሾኩ ገና በቦታው እያለ የላይኛውን ማሰሪያ ብሎን አላሉ፣ ከዚያ የቱቦውን የላይ ክዳን በትንሹ አላሉ። ከእግሩ፣ ማለትም ቱቦው ከሚገባበት የታችኛው ክፍል፣ ሥር ያለውን በባለ ስድስት ጎን ቁልፍ የሚፈታ የአለን ብሎንም ሞላው ሳይወጣ አላሉት። ሞላው ተጭኖ ስለሚይዘው ውስጡ አብሮ አይዞርም። ሞላውን አስቀድሞ ያወጣ ሰው ከዚያች ብሎን ጋር ግማሽ ቀን ይታገላል። ታግዬ አውቀዋለሁ። ክዳኑ ሲወጣ ፊታችሁን ዞር አድርጉ፣ ሞላው ይፈናጠራል።

አዲሱን ፓራኦሊዮ ስታስገቡ የቱቦውን ጫፍ በስስ ፌስታል ሸፍኑ፣ ከንፈሩን ዘይት ቀቡ። ቀጭን የሽቦ ሞላ ያለበት ፊት ወደ ዘይቱ፣ ማለትም ወደ ታች ይዞራል። በመዶሻ አንድ ጎኑን አትምቱ። ልኩ የሆነ የፒቪሲ ቱቦ ከላይ አጥልቃችሁ እኩል ግፉት። የሁለቱንም እግር በአንድ ላይ ቀይሩ።

ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋን ስትደፋ

ዘይቱ አንሷል ወይም አርጅቷል። የከረመ የሾክ ዘይት ግራጫ ነው፤ ሽታው የአሞራ ገደልን የዓሣ ገበያ ያስመሰግናል። ብዙ የድሮ ሞተሮች እግራቸው ሥር ማፍሰሻ ብሎን ስላላቸው ለመቀየር ሙሉ በሙሉ መፍታት አያስፈልግም። 10 ወይም 15 ቁጥር የሾክ ዘይት ይሞላል። 40 ቁጥር የሞተር ዘይት የሚሞሉ አሉ፤ ይወፍራል፣ ሾኩ ከጉድጓድ ቶሎ አይመለስም። መጠኑን ከመመሪያው ውሰዱና ከፋርማሲ በምትገዙት ትልቅ ስሪንጅ ለሁለቱም እግር እኩል ስጡ። «ትንሽ ጨምርበት» የሚል ምክር አትስሙ። ከዘይቱ በላይ አየር መኖር አለበት። ቦታው ከጠበበ አየሩ ይታመቅና ሾኩን ያደርቀዋል፣ ፓራኦሊዮውንም ይገፋዋል። ዘይቱ ተቀይሮም ከደፋች ሞላው ደክሟል።

ኮብልስቶን ላይ ቋ ቋ ሲል

ይህ ብዙ ጊዜ ሾክ አይደለም። ጎማውን ከመሬት አንስታችሁ የሾኩን ታችኛ ጫፎች ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዙ። ጭንቅላቷ፣ ማለትም መሪው የሚዞርበት ቦታ፣ ጋ ከላላ የመሪው ኩሽኔታ ነው፤ ዳዶውን ጥቂት አጥብቁ። መሪው ቀጥ ሲል ቆንጠጥ የሚያደርገው ከሆነ ግን ኩሽኔታው ተበልቷል፣ ማጥበቅ አያድነውም። የድሮዎቹ ላይ ልቅ የብረት ኳሶች ስላሉ ስትፈቱ ከሥር ጨርቅ አንጥፉ። ጭንቅላቷ ደህና ሆኖ ቱቦው በእግሩ ውስጥ ከተወዛወዘ የውስጥ ቡሽው፣ ማለትም ቱቦው የሚንሸራተትበት ቀለበት፣ አልቋል።

ሾኩ ሲደርቅ

ከወደቀች በኋላ ከሆነ ቱቦዎቹን አውጥታችሁ በጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባልሏቸው። የታጠፈው ይነጥራል። ጎማ ከተፈታ በኋላ ከሆነ ግን ጥፋቱ የፔርኖው፣ ማለትም የጎማው ዘንግ፣ አጠባበቅ ነው፤ ሁለቱ እግሮች ተጎትተው ታስረዋል። የፔርኖውን ማቀፊያ አላሉ፣ ሞተሯን መሬት አውርዳችሁ የፊት ፍሬን ይዛችሁ አራት አምስት ጊዜ ተጫኗት። እግሮቹ ቦታቸውን ራሳቸው ይይዛሉ። ያኔ አጥብቁ።