ፕሮግራምህ ጳጉሜ 6ን ያውቃታል?

ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ጠዋት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካለ አንድ ሱቅ ተደወለልኝ። ካሸሯ ናት። «አቦ፣ ይሄ ነገርህ ዛሬ የሚባል ቀን የለም ይላል!» የሽያጭ መመዝገቢያውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጳጉሜን 5 ላይ ዘግቻታለሁ።

ጥፋቴ የፈረንጁን ደንብ እንዳለ መገልበጤ ነው፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ትራፊ ከሌለው አንድ ቀን ጨምር የሚለውን። የእኛ ግን ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው፦ 2011፣ 2015፣ ቀጥሎ 2019። ቄሶቹ ዘመነ ሉቃስ ብለው በሁለት ቃል የሚጨርሱትን እኔ ሦስት ሰዓት ስፈልገው ዋልኩ።

ይሄስ ቢያንስ ጮኸ። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚሳሳተው ነው። የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ ጃቫስክሪፕት ዴት (የፕሮግራም ቋንቋው የፈረንጅ ቀን መያዣ) ውስጥ አትክተት። ጥቅምት 30 ቀን 2015ን «2ኛ ወር፣ 30ኛ ቀን» ብለህ በቁጥር ብትሰጠው፣ ፌብሩዋሪ 30 የለም ብሎ አይከራከርህም፤ ወደ ማርች 2 ይገፋውና አንተ ጋ ኅዳር 2 ሆኖ ይወጣል። 13ኛ ወር ስትለው ደግሞ ጳጉሜ 3 የሚቀጥለው ዓመት መስከረም 3 ትሆናለች። የዱቤ መዝገብ ላይ ይሄ ሲፈጠር አስበው! ዳታቤዙ ውስጥ በፈረንጅ አስቀምጥ፣ ለሰው ስታሳይ ብቻ ቀይረው። ድሬ ላይማ ከጅቡቲ የሚመጣው የዕቃ ወረቀት በፈረንጅ፣ የባለሱቁ ደብተር በእኛ ስለሆነ ሁለቱ በየቀኑ ይገናኛሉ።

መስከረም 1ን ሁሌ ሴፕቴምበር 11 ማድረግም አለ። 2016 የገባው በ12 ነው፤ ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ሁሉም በአንድ ቀን ይዛነፋል። በገና ፈትነው፤ በ2016 የዋለው ታኅሣሥ 28 ነው።

የልደት ቀን ላይ ሰዓት አትጨምር። እዚህ እኩለ ሌሊት ሲሆን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ገና የትናንት ምሽት 3 ሰዓት ስለሆነ፣ ውጭ ያለ ሰርቨር ሰውየውን በአንድ ቀን ቀድሞ ያስወልደዋል።

ባለ 32 ቢት ሰዓት የሚጠቀም አሮጌ ማሽን ካለህ ደግሞ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ሲቆጥር የነበረው ሰከንድ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ይሞላበታል። ወደ እኛ ስቀይረው ጥር 11 ቀን 2030፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ሆኖ አገኘሁት። ጥምቀት! ከጥምቀተ ባሕሩ ስልክ የማነሳ እንዳይመስልህ።