የተወደደው ትኬቱ ነው ወይስ መንገዱ? ለጎንደር ደጋፊ የወጪ አያያዝ መመሪያ

ጎንደር ውስጥ፣ ፒያሳ ቡና እየተጠጣም ይሁን አራዳ ገበያ እየተሸመተ፣ የኳስ መግቢያ ዋጋ ከተነሣ ወሬው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን «ኳስ የሀብታም ሆነ» ይላል፤ ሌላኛው ደግሞ «ለሁለት ቢራ የማትሰስተውን ለክለብህ ሲሆን ምን ያስለቅስሃል?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚከራከሩት ሒሳብ ሳይዙ ነው። እኔ የከተማችንን ክለብ ፋሲል ከነማን ተከትዬ በሄድኩባቸው ዓመታት ያወጣሁትን ሁሉ በአንድ ባለ መስመር ደብተር ላይ እየጻፍኩ አቆይቻለሁ፤ የደብተሩም ፍርድ ከሁለቱም ወገን የተለየ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የእኛን ከተማ ተራ ደጋፊ ከሜዳ ያራቀው በአብዛኛው ወደ ትኬቱ መሸጫ መስኮት የሚያደርሰው መንገድ ነው፤ የትኬቱ ድርሻ ትንሽ ነው። ይህን እኔን አምናችሁ ከመቀበል ይልቅ የራሳችሁን ወጪ አስልታችሁ እንድትደርሱበት፣ ከዚያም ወጪውን እንድትቀንሱ፣ ቅሬታ ካላችሁም ሰሚ በሚያገኝ መልኩ እንድታቀርቡ በማሰብ የሚከተለውን ጽፌያለሁ።

ዋጋውን በቀን ገቢ መለካት

በመጀመሪያ «ውድ» የሚለውን ቃል በብር መለካት መተው ያስፈልጋል። በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር የመግዛት አቅም ስለተለወጠ፣ የዛሬ አምስት ዓመት የነበረን የመግቢያ ዋጋ ከዛሬው ጋር ቁጥር ለቁጥር ማነጻጸር ለጠብ እንጂ ለእውቀት አይሆንም። የሚሻለው መለኪያ የአንድ ቀን ገቢ ነው። በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ብቻ ነው የደነገገው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ገቢ ይዞ መነሣት አለበት።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ ሒሳቡ ቀላል ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ስለሆነ፣ ለ30 ሲካፈል የቀን ድርሻው 200 ብር ይመጣል። ለምሳሌ ያህል መግቢያው 100 ብር ነው ብንል ይህ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ገቢውን ይከፍላል ማለት ነው። የቀን ሠራተኞች ግን ጠዋት ተሰልፈው ሥራ ያገኙበትን ቀን ክፍያ ብቻ ይዘው ባያሰሉ ይሻላል፤ ሥራ ያልተገኘባቸው ቀኖችም እንጀራ ይበላባቸዋልና። በወር ውስጥ በእርግጥ የተገኘው ገንዘብ ተደምሮ ለ30 ሲካፈል የሚወጣው ቁጥር ነው ትክክለኛው። በወር 15 ቀን ብቻ የሠራ ግንበኛ በዚህ ስሌት የቀን ገቢው በግማሽ ስለሚወርድ፣ ለጓደኛው ቀላል የመሰለው መግቢያ ለእርሱ እጥፍ ይሆንበታል።

የእኔ ወሰን የሚከተለው ነው፤ ሌላ ሰው ሌላ ሊያወጣ ይችላል። መግቢያው ከቀን ገቢ ሩብ ካልበለጠ ተመጣጣኝ ነው፤ ከግማሽ ካለፈ ውድ ነው፤ ሙሉ የቀን ገቢ ከጠየቀ ሜዳው ለተራ ሰው ተዘግቷል እላለሁ። ይህ ግን ብቻውን ለሚገባ ሰው ነው። ሦስት ልጆቹን ይዞ የሚሄድ አባት አራት ትኬት ስለሚቆርጥ፣ ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ 400 ብር፣ ማለትም የሁለት ቀን ገቢ ያወጣል። በዚህ ምክንያት «መግቢያው እኮ ርካሽ ነው» የሚለው ክርክር ብዙውን ጊዜ የላጤ ክርክር ነው።

ከውጭው ዓለም ጋር ስታነጻጽሩ

የእንግሊዝን ዋጋ በዕለቱ ምንዛሬ ወደ ብር መትቶ «እኛ በነጻ ነው የምንገባው» ማለት ልማድ ሆኗል። በዚህ መንገድ ማነጻጸር ምንም አያሳይም፤ እነርሱንም በሥራ ሰዓታቸው መለካት ይገባል። ጥር 28 ቀን 2008 ዓ.ም. ሊቨርፑል ከሰንደርላንድ ሲጫወት፣ ክለቡ ለሚቀጥለው ዓመት ከፍተኛውን መግቢያ 77 ፓውንድ ሊያደርግ ማቀዱን የተቃወሙ በሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎች በ77ኛው ደቂቃ ከክለቡ ሜዳ ከአንፊልድ ወጡ። በወቅቱ የአገሪቱ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 6.70 ፓውንድ ስለነበረ ያ ትኬት የ11 ሰዓት ተኩል ሥራ ይጠይቅ ነበር። እኔ ባስቀመጥኩት ወሰን ከአንድ የሥራ ቀን ያለፈ፣ ሜዳውን ለተራ ሰው የሚዘጋ ዋጋ ማለት ነው። ባለቤቶቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠይቀው ዕቅዱን ሰረዙ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ለተጋባዥ ቡድን ደጋፊዎች የሚሸጠው ትኬት ከ30 ፓውንድ እንዳይበልጥ ወሰነ። (ሊቨርፑል እስከዚያ 2 ለ 0 እየመራ ነበር፤ ሰዎቹ ከወጡ በኋላ 2 ለ 2 አለቀ። ይህን የመቅሰፍት ምልክት አድርጎ የሚያወራ ጓደኛ አለኝ።)

በ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ደግሞ ፊፋ ዋጋው እንደ ፈላጊው ብዛት ከፍ ዝቅ እንዲል አድርጓል፤ ትኬቱን መልሶ የሚሸጠውንም የሚገዛውንም እያንዳንዳቸውን 15 በመቶ አስከፍሏል። በእኛ ቋንቋ ይህ አየር ባየር ነው፤ ልዩነቱ በር ላይ በሹክሹክታ የሚደረገው በሕጋዊ መስኮት መደረጉ ነው። ከደጋፊዎች ተቃውሞ በኋላ በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ጥቂት የ60 ዶላር ትኬቶች ለነባር ደጋፊዎች ተመድበዋል።

ሙሉ ወጪውን በአንድ ገጽ ላይ መጻፍ

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ እንመለስ። ፋሲል ከነማ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ያነሣው በ2013 ዓ.ም. ነበር፤ ነገር ግን ያ ውድድር የተካሄደው በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ስለነበር የጎንደር ሕዝብ ሻምፒዮን የሆነውን ቡድኑን በፋሲለደስ ስታዲየም ተቀምጦ የማየት ዕድል አላገኘም። ሊጉ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ሲጀምር «የሜዳችን ጨዋታ» የሚባለው ነገር በወረቀት ላይ ቀረ። በአፍሪካ መድረክም ቢሆን ዐፄዎቹ (ፋሲል ከነማን የምንጠራበት ቅጽል ስም ነው) የሱዳኑን አል ሂላልን በእንግድነት የተቀበሉት ባሕር ዳር ላይ ነበር። ለዚህ ነው የትኬት ዋጋ ብቻውን ለጎንደር ሰው ምንም የማይነግረው።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ገጽ ውሰዱና ስድስት መስመር ጻፉበት፤ ትኬት፣ ትራንስፖርት ደርሶ መልስ፣ በከተማው ውስጥ የባጃጅ፣ የምግብና የውኃ፣ የአልጋ፣ በመጨረሻም የቀረ የቀን ገቢ። ሁሉም ሰው የሚረሳው ይህ የመጨረሻው ነው። ባሕር ዳር ከእኛ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ጨዋታው ማምሻውን ከሆነ ማደር ግድ ነው፤ ሲነጋ ተሳፍሮ ጎንደር መናኸሪያ እስኪደርስ ሁለት የሥራ ቀን ያልፋል። ሱቅ የዘጋ፣ ባጃጁን ያቆመ ወይም ከግንባታ የቀረ ሰው ይህን ሁለት ቀን ካልጻፈ ገጹ ውሸት ነው።

በራሴ ደብተር ላይ ያለ አንድ የባሕር ዳር ገጽ እንዲህ ይላል፦ የትኬቱ መስመር ከላይ አንድ ጊዜ ብቻ ሰፍሯል፤ «ሻይ» የሚለው ቃል ግን ሦስት ቦታ ተጽፏል፣ «ባጃጅ» አራት ቦታ፣ ከግርጌ ደግሞ በሌላ እስክሪብቶ «የሁለት ቀን ገቢ» ተብሎ ተጨምሯል፤ ከተመለስኩ በኋላ ትዝ ብሎኝ የጻፍኩት ነው። ስደምረው ትኬቱ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ እንኳ አልሞላም። መግቢያው በነጻ ቢሆን ኖሮ ያ ገጽ ብዙም አይለወጥም ነበር።

ወጪውን የሚቀንሱት እርምጃዎች

ትልቁ ቅናሽ ያለው መንገዱ ላይ ስለሆነ ከዚያ ጀምሩ። ለየብቻ መናኸሪያ ሄዶ ከመሳፈር ይልቅ፣ ከደጋፊዎች ማኅበር ጋር በመነጋገር ወይም በሠፈር ተሰባስቦ አንድ ሚኒባስ በኮንትራት መያዝ ሁለት ጥቅም አለው። ዋጋው ከመኪናው እንጂ ከሰው ብዛት ጋር ስለማይጨምር ወንበሮቹ በሞሉ ቁጥር የነፍስ ወከፍ ድርሻው ይወርዳል፤ በተጨማሪም መመለሻው በእናንተ ሰዓት ይሆናል። ከመስማማታችሁ በፊት ነዳጅ፣ የሾፌሩ አበልና የማታ ቆይታ በዋጋው ውስጥ መካተታቸውን በግልጽ ተነጋገሩ፤ ጠቡ ሁልጊዜ የሚነሣው በመመለሻው ነው። የመንገዱን የጸጥታ ሁኔታ በዕለቱ ጠዋት ሳታረጋግጡ አትውጡ፤ የምሽት ጉዞንም እኔ አልመክርም፤ የአልጋ ዋጋን ለማትረፍ ብሎ በጨለማ መንዳት ቁጠባ አይባልም።

ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ማውጣት ለሚከብደው ዕቁብ መድኃኒት ነው። የሠፈራችን ልጆች ዐሥራ ሁለት ሆነው በየሳምንቱ ጥቂት እየጣሉ፣ ዕጣው እስኪዞር ከመጠበቅ ይልቅ ገንዘቡን በአንድ ሰብሳቢ እጅ አቆይተው፣ ቡድኑ ወደሚቀርበው ከተማ ሲመጣ ለመኪና ያውሉታል። ወግ አጥባቂዎች ይህን ዕቁብ ማለት ነውር ነው ይላሉ፤ ልጆቹ ግን «የዐፄዎቹ ዕቁብ» ብለው ስም አውጥተውለታል።

የውድድሩን አካሄድም ተጠቀሙበት። ሊጉ በአንድ ከተማ ለሳምንታት ስለሚቆይ መርሐ ግብሩን አይቶ ዘመድ ያለበትን ከተማ መምረጥ፣ በአንድ ጉዞም ሁለት የቡድኑን ጨዋታ ማየት ይቻላል። በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ በተከታታይ የሚካሄድ ከሆነ አንዱ ትኬት ለሁለቱም ያገለግል እንደሆነ መስኮቱ ላይ ጠይቁ። መቀመጫን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም የሄደ ሰው ጣሪያ የሌላቸው ካታንጋና ሚስማር ተራ ጣሪያ ካለው ከጥላ ፎቅ ምን ያህል እንደሚለዩ ያውቃል፤ ፀሐይና ዝናብ የማይበግራችሁ ከሆነ ለጥላ መክፈል አያስፈልግም፤ ዝማሬውም የሚደምቀው እዚያው ነው።

ትኬቱን ከመስኮት ብቻ ግዙ። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። አንድ ጊዜ ሰልፉ ረዝሞብኝ፣ ጨዋታውም ሊጀመር ደቂቃዎች ቀርተውት፣ ቀይና ነጭ ማሊያ የለበሰ ወጣት ትኬት በእጥፍ ሸጠልኝ። በሩ ላይ ቆራጩ ወረቀቱን ተቀብሎ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጉርዱ የለም» አለኝ፤ በር ላይ የሚቀደደው ቁራጭ አስቀድሞ ተቀዶ፣ አንድ ሰው ገብቶበት የወጣ ትኬት ነበር። ማሊያው የእኛ ስለነበረ ጠርዙን ለማየት እንኳ አላሰብኩም። የመጀመሪያውን ግማሽ ከግንቡ ውጭ ሆኜ በጩኸቱ ብቻ ተከታተልኩት፤ ግብ መግባቱን እንጂ ማን እንዳገባው ለማወቅ አልቻልኩም። ከግለሰብ መግዛት ግድ ከሆነባችሁ ጉርዱ መኖሩን፣ የጨዋታው ቀንና በሩ መጻፉን ከፍላችሁ ሳይሆን ከመክፈላችሁ በፊት ተመልከቱ።

ጉዞው ጭራሽ የማይቻል ከሆነ ዲኤስቲቪ ቤት አለ። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በቀጥታ መተላለፍ መጀመሩ ለጎንደር ደጋፊ እፎይታ ነበር። ሆኖም እዚያም የሚጠጣው ነገር የመግቢያ ዋጋ ነውና በደብተሩ ላይ ጻፉት፤ በወር አራት ጨዋታ የሚያይ ሰው ድምሩን ሲያየው አንድ ጉዞ ይሸፍን እንደነበር ሊያገኘው ይችላል።

ቅሬታን ወደ ክለቡ ማቅረብ

በፌስቡክ መሳደብ ዋጋ አያስቀንስም። የአንፊልድ ሰዎች የተሳካላቸው አንድ ቁጥርና አንድ ደቂቃ ይዘው ስለቀረቡ ነው፤ «ኳስ ተወደደ» ብለው አልጮኹም። እኛም ተመሳሳይ ማድረግ እንችላለን። የአገራችን ክለቦች አብዛኛው በጀታቸው ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ድጋፍ የሚመጣ እንጂ በመግቢያ ገቢ ላይ የቆመ አለመሆኑ ይታወቃል፤ ስለዚህ ለልጆች ዋጋ ቢቀነስ ክለቡ ይወድቃል የሚለው መልስ ውኃ አያነሣም። ጥያቄያችሁን በሦስት ነገር ወስኑት፦ ከወላጅ ጋር ለሚገቡ ልጆችና ለተማሪዎች የተለየ ዋጋ እንዲኖር፣ ዋጋው ከጨዋታው ቀናት በፊት እንዲገለጽና በመስኮቱ ላይ እንዲለጠፍ፣ ቡድኑ በአቅራቢያ ከተማ ሲጫወት ክለቡ መኪና በማስተባበር እንዲያግዝ። ሦስተኛውን አስቀድሙት ብዬ እመክራለሁ፤ ከላይ እንዳየነው ገንዘቡ የሚያልቀው እዚያ ነውና።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ከቻላችሁ ዐሥር ወይም ሃያ ደጋፊዎች የሞሏቸውን ባለ ስድስት መስመር የወጪ ገጾች አባሪ አድርጉ፤ ስማቸውን ትታችሁ ሙያቸውን ብቻ ጻፉ፤ ግንበኛ፣ መምህር፣ ባጃጅ ነጂ፣ ተማሪ። በደጋፊዎች ማኅበር በኩል ቢቀርብ ክብደት ይኖረዋል። ስታስገቡም ለጸሐፊዋ ሰጥታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ሳትይዙ ከቢሮው አትውጡ።