የድርድርን ውጤት በቁጥር እንዴት መገመት ይቻላል?

ሁለት አገሮች ሲፋጠጡ ካፌ ውስጥ ሁሉም ተንታኝ ነው። አንዱ «ይዋጋሉ» ይላል፣ ሌላው «ኧረ ባክህ፣ ማስፈራሪያ ነው» ይላል። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ብሩስ ብዌኖ ደ ሜስኪታ ይህን ክርክር በጌም ቲዎሪ፣ ማለትም ተፎካካሪዎች አንዱ የሌላውን እርምጃ እያሰላ እንዴት እንደሚወስን በሚያጠናው ዘርፍ፣ ወደ ሒሳብ ወስደውታል። እ.ኤ.አ. በ1984 ኢራን ውስጥ የበላይ መሪውን ኾሜይኒን ኻሜኒኢና ራፍሳንጃኒ እንደሚተኩ ጽፈው ነበር። በ1989 ኾሜይኒ ሲሞቱ ኻሜኒኢ የበላይ መሪ፣ ራፍሳንጃኒ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ሙሉው ሞዴል ኮምፒውተር ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ግምት ግን ኤክሴል፣ ሲብስም ወረቀትና ካልኩሌተር ይበቃዋል። ለመለማመጃ የ1962ቱን የኩባ ሚሳኤል ቀውስ እንውሰድ፤ ሶቪየት ኅብረት ኩባ ውስጥ ሚሳኤል ተክላ ከአሜሪካ ጋር የተፋጠጠችበትን።

1. ጥያቄውን መስመር አድርጉት። «ምን ይሆን ይሆን?» ጥያቄ አይደለም። 0 ንግግር ብቻ፣ 50 የባሕር ከበባ፣ 100 የአየር ድብደባና ወረራ ይሁን።

2. ተዋናዮቹን ዘርዝሩ። «አሜሪካ» ብላችሁ አትጻፉ። አሜሪካ አንድ ልብ የላትም፣ ሰዎች ናቸው የሚከራከሩት።

3. የእያንዳንዱን አቋም በቁጥር አስቀምጡ። ብዙ ሰው ጉድ የሚሆነው እዚህ ነው። አቋም ማለት ሰውየው በልቡ የሚመኘው አይደለም፤ በዚያን ቀን ጠረጴዛ ላይ የሚገፋው ሐሳብ ነው።

«በዚያን ቀን» የምለው በምክንያት ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ኦክቶበር 16 ቀን ወደ አየር ድብደባ አዘንብለው ነበር። ኦክቶበር 22 በቴሌቪዥን ቀርበው ያወጁት ግን ከበባ ነው። የሁለቱን ቀን ኬኔዲ ከቀላቀላችሁ ስሌቱ ገና ሳይጀመር ተበላሽቷል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ቁረጡ፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን ወሬ አታስገቡ።

ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ካገኛችሁም «ማን ያሸንፋል?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ያው የካፌውን መልስ ይሰጣችኋል። «እገሌ አሁን ምን እያለ ነው? ማን ይሰማዋል?» በሉት። ይህን የሚያውቅ ሰው አሸናፊውን ላያውቅ ይችላል። ግምቱን ለስሌቱ ተዉለት።

4. አቅምና ትኩረትን ለየብቻ ሙሉ። ለኃይለኛው 100 ስጡና ሌሎቹን ከእሱ አንጻር መዝኑ። ትኩረት ሌላ ነገር ነው፦ ሰውየው የልጁ ሠርግ ላይ እያለ ስለዚህ ጉዳይ ቢደወልለት ተነስቶ ይወጣል? ከወጣ ወደ 100 ይጠጋል። ትልቅ ሥልጣን ይዞ ለጉዳዩ ደንታ የሌለው ሰው ሞልቷል።

5. አስሉ። የሚከተሉት ቁጥሮች የእኔ ግምት ናቸው፤ ኬኔዲን ወሳኙ እሳቸው ስለሆኑ አውጥቻቸዋለሁ።

በተባበሩት መንግሥታት የአሜሪካ አምባሳደር አድላይ ስቲቨንሰን፦ አቋም 10፣ አቅም 30፣ ትኩረት 90።
የመከላከያ ሚኒስትሩ ማክናማራ፦ 50፣ 80፣ 90።
እነ ጄኔራል ከርቲስ ለሜይ፣ የጦር አዛዦቹ፦ 100፣ 60፣ 90።

አቅምን በትኩረት ስታባዙ ክብደቱ 2,700፣ 7,200 እና 5,400 ይመጣል። እያንዳንዱን ክብደት በአቋሙ አባዙና ደምሩ፤ 927,000 ነው። በክብደቶቹ ድምር በ15,300 ስታካፍሉት 60.6 ይሆናል። ከበባ ነው፣ ግን ጥርስ ያለው ከበባ።

ይህ ቁጥር የማያሳየው ነገር አለ። ስቲቨንሰን በቱርክ ያሉትን የአሜሪካ ሚሳኤሎች ለድርድር እናቅርብ ሲሉ ሰሚ አጥተው ነበር። ቀውሱ ኦክቶበር 28 ሲያበቃ ግን ሚሳኤሎቹ ከቱርክ እንደሚነሱ በምስጢር ቃል ተገብቶ ነበር። ሠንጠረዣችን ይህን ሊያይ አይችልም፤ ሞስኮ የለችበትማ! ለሶቪየቱ መሪ ለክሩሽቼቭ ወገን ሁለተኛ ሠንጠረዥ ሥሩና ማን ማንን መጫን ይችላል እያላችሁ አቋሞቹን እያንቀሳቀሳችሁ ደግማችሁ አስሉ። ጌም ቲዎሪው የሚጀምረው እዚህ ነው፤ እስካሁን የሠራነው አማካይ ማውጣት ብቻ ነው።

መልሱን የምታውቁት ጉዳይ ለልምምድ እንጂ ለፈተና አይሆንም፤ እጃችሁ ሳይታወቃችሁ ቁጥሩን ወደ መልሱ ይጎትታል። እኔም 60.6ን እንዲህ አላገኘሁትም ብዬ አልምልም። ገና ያላለቀ ጉዳይ ምረጡ፣ ቁጥሮቹን ጽፋችሁ ቀን አድርጉበትና ለአንድ ሰው በኢሜይል ላኩት። የዓባይ ግድብን ድርድር ለመሞከር የምትቸኩሉ ካላችሁ፣ የግብፅን ሠንጠረዥ ከእናንተ ጋር የማይስማማ ሰው ይሙላላችሁ።